ስሙ ያልወጣለት መንገደኛ

አይሮፕላን የሀብታም ነው ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስም አምኜበት ነበር። የሰባት ወር ልጅ ታቅፌ ከነገሌ ቦረና ወደ አዲስ አበባ መመለስ ሲመጣብኝ ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። ለካ አይሮፕላን ከማንም በፊት የሚያስፈልገው ለዚያ ለሚያለቅሰው ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የነገሌ ልጅ ናት። የበኩር ልጃችንን ለአያቶቹ ልናሳይ በመኪና ወረድን። ከአዲስ አበባ ነገሌ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጁ ግማሹን መንገድ አለቀሰ፣ ግማሹን አስመለሰ። መመለሻችን ሲደርስ ባለቤቴ «ሁለተኛ ይህን ልጅ በዚያ መንገድ አላሳልፍም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ዘመድ ለምነን አይሮፕላን ወደሚነሳበት ከተማ ደረስን። የከተማውንም ሆነ የድርጅቱን ስም አልጠራም። የአንድ ቤት ወይም የአንድ ሠራተኛ ጥፋት ቢሆንማ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት ነበር።

ከፊታችን አንዲት የሊበን ቦረና ሴት ከአማቷ ጋር ቆማለች። የታቀፈችው ልጅ አምስት ወር ቢሆነው ነው። ጀርባው ላይ እብጠት ይዞ ስለተወለደ አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል እንዲታይ ሪፈር ተጽፎለታል። በአውቶቡስ መናወጡን እንደማይችል ሐኪሙ ስለነገራቸው ከብት ሸጠው የመጡ ናቸው። እኔ ልጄን ከመንገላታት ላድነው ነው የመጣሁት፤ እሷ ግን ልጇን ልታድን ነው።

«የሕፃኑ ስም?» አለ የቲኬቱ ልጅ። ባለቤቴ አስተረጎመች።

«ገና አልወጣለትም» አለች እናቲቱ። ልክ ናት። በቦረና ወግ የበኩር ልጅ ስም የሚወጣለት ጉቢሳ በሚባለው ሥነ ሥርዓት ነው፤ ያ ደግሞ ከተወለደ ብዙ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

«እሺ፣ የልደት ቀን?»

ሽማግሌው ጣልቃ ገቡ። «ሩዳ ቀን ነው የተወለደው» አሉ፤ ወሩንም ጨመሩበት።

«አባባ፣ እሱ እኮ ኮምፒውተሩ ላይ የለም። ሁለት ዓመት እንዳልሞላው የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ የሕፃን ቲኬት አይወጣም።»

እኔም አላስቻለኝም። «ወንድሜ፣ ጥርስ ያላበቀለ ልጅ መሆኑን እያየኸው አይደል?»

«እኔማ አያለሁ፤ ኮምፒውተሩ ነው የማያየው» አለኝ። ሳቅ ብሏል፤ ክፉ ልጅ አልነበረም።

አርባ ደቂቃ አለፈ። ወደየቦታው ስልክ ተደወለ። በመጨረሻ አለቃው መጣና በስም ቦታ «ሕፃን»፣ በልደት ቀን ቦታ ደግሞ «ጃንዋሪ 1» ብሎ አስሞላው። የሊበኑ ልጅ ባንድ አፍታ በፈረንጅ አዲስ ዓመት ተወልዶ አረፈው። የእኛ ልጅ ግን በክትባት ካርዱ አለ ምንም ጣጣ አለፈ። አንባቢያን ሆይ፣ በሁለቱ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት አንዲት ቁራጭ ካርቶን ናት!

ደንቡ ለምን እንደኖረ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ወንበር አይዝም፤ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። የሚከፈልለትም በአብዛኛው ከአዋቂው ዋጋ አንድ አስረኛው ነው። ስለዚህ ዕድሜ ገንዘብ ነው። አንድ አዋቂ ከአንድ በላይ ሕፃን በጭኑ እንዳይዝም የሚከለከለው ለደኅንነት ነው። ይህን ሁሉ አልቃወምም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ደንቡን ያወጣው ሰው በሩ የተዘጋበት መንገደኛ ወዴት እንደሚሄድ አስቦ ያውቃል ወይ?

ሌላ አገር የታሰበበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ ሱ ሲቲ አንድ ትልቅ አይሮፕላን ተከስክሶ ከ100 በላይ ሰው አለቀ። በጭን ከተያዙት አራት ሕፃናት አንዱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ «ሕፃን ሁሉ የራሱ ወንበር ይግዛ» የሚል ብርቱ ክርክር ተነሳ። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መረመረና በ2005 እ.ኤ.አ. አላስገድድም አለ። ምክንያቱ ምን ነበር? ዋጋው ሲከብድበት ወላጅ ልጁን በመኪና ይወስዳል፤ መኪና መንገድ ላይ የሚሞተው ሕፃን ደግሞ ይበልጣል የሚል ነው። በውሳኔው መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ቁም ነገሩ፣ መሥሪያ ቤቱ ደንቡን ከመንገዱ ጋር አስተያይቶ መመዘኑ ነው። የእኛው መስኮት ግን ያችን ሴት ወደ አውቶቡሱ ሊመልሳት ምንም አልቀረውም ነበር።

ደግሞስ ልደቱ አይታወቅም ማን አለ? የቦረና ሕዝብ ከጨረቃና ከከዋክብት ጋር የተሰናሰለ የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው። 27 ቀኖቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ቀኑን ያለ ወረቀት በቃል ያሰላሉ። አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ለዓለም ካስተዋወቁ ስንት ዘመን ሆነው! ሽማግሌው የልጅ ልጃቸው የተወለደበትን ቀን በስሙ ጠርተው ነገሩን። እኛ እውነተኛውን ቀን ጥለን የፈጠራ ቀን ጻፍንላቸው። እንግዲህ ቀን የማያውቀው ማነው?

ሕግማ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው ሊጀመር ሲል የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ሥራው መጀመሩ ደግ ነው። ነገር ግን ከብቱን ተከትሎ ከውሃ ወደ ውሃ የሚሄድ ቤተሰብ መዝጋቢው ቢሮ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። መዝገቡ ነው ወደ እርሱ መሄድ ያለበት። ክትባት የሚሰጠው ሠራተኛ በዚያው ቀን የልደቱን ማስረጃ ቢጽፍ ምን ይጎዳል? የቲኬት መስኮቱስ የጤና ጣቢያ ወረቀትንና የሽማግሌ ምስክርነትን ቢቀበል ምን ይቀርበታል? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ!

አይሮፕላን በዚህ አገር ቅንጦት ሆኖ አልጀመረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም በእጁ የነበሩት ከጦርነቱ የተረፉ ዳኮታዎች ናቸው። እነዚያ ዳኮታዎች መንገድ ባልደረሰበት አገር ሣር ሜዳ ላይ ሳይቀር እያረፉ ሰውና ጭነት አመላልሰዋል። አይሮፕላን የተፈለገው መንገድ ለሌለው ነበር።

ትንሽ አቤቱታ ነው የሚለኝ ቢኖር ነገሌን ላስታውሰው። በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ወታደሮች የጠየቁት የሚጠጣ ውሃና የሚበላ ምግብ ነበር። ሰሚ አጡ። ሊያነጋግሯቸው የሄዱትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን አግተው የራሳቸውን ምግብና ውሃ አቀመሷቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ትንሽ አቤቱታ በጊዜው ቢደመጥ ለሁሉም ይበጃል።

ወደ መንገዳችን ልመለስና፣ ወላጆች አንድ ነገር ያዙልኝ። የአይሮፕላን ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር ይመጣጠናል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የሕፃን ጆሮ ብዙም አይጨነቅም። ጣጣው ወደ ቆላ ሲወረድ ነው፤ ነገሌ 1,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ዶሎ ደግሞ 200 አካባቢ። አይሮፕላኑ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ልጁን አጥቡት፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል።

ያቺ ሴት ይህን ማንም ሳይነግራት ልጇን ስታጠባ መጣች። ቦሌ ስንወርድ ባለቤቴን በዓይኗ አመሰገነቻት። ልጁ እናቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል፤ ስሙ ገና አልወጣም፤ ልደቱ ግን በውሸት ተመዝግቧል። ነገ ሲያድግ «መቼ ተወለድህ?» ሲሉት የቱን ይናገር? የሚመለከተው ክፍል ይመልስልን።