አንዲት ፊደል ስንት ታስከፍላለች?



የዚህን ወር ዓምድ ያስጻፈን ከደብረ ታቦር የደረሰን የአንድ ወጣት አንባቢያችን ደብዳቤ ነው። የአባቱ ስም በትምህርት ማስረጃው ላይ «ሙሐመድ»፣ በመታወቂያው ላይ ደግሞ «መሀመድ» ተብሎ ተጽፏል። ለሥራ ሲያመለክት «ሁለቱ አንድ ሰው ለመሆናቸው ማስረጃ አምጣ» ተባለ፤ ለማስረጃው ሲመላለስ የምዝገባው ቀን አለፈበት። «ለመሆኑ ትክክለኛው የትኛው ነው?» ሲል ይጠይቀናል።

ደብዳቤውን አንብበን የራሳችንን መጽሔት ብናገላብጥ አፈርን። በአንድ ዕትም ውስጥ «ረመዳን»፣ «ረመዷን» እና «ሮመዳን» ብለን አውጥተናል!

አማርኛ ሀ እና ሐን፣ አ እና ዐን በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ ብዙዎቻችን «ያው ነው» ብለን የመጣልንን እንጽፋለን። ከዐረብኛ በመጡ ቃላት ላይ ግን ያው አይደለም። «ዐሊም» ሁሉን ዐዋቂ ማለት ሲሆን ከአላህ ስሞች አንዱ ነው፤ «አሊም» ግን አሳማሚ ማለት ነው፣ ቅጣት የሚገለጽበት ቃል። «ኸለቀ» ፈጠረ ነው፤ «ሐለቀ» ጸጉር ላጨ። ዐረብኛ ያልተማረ ልጅ እኛ የጻፍንለትን ይዞ ነው የሚያድገው። አንዳንዶች «ትርፍ ፊደል» የሚሏቸው ለእኛ ትርፍ አይደሉም።

ነገሩ የቆየ ነው። ዑስማን (ረ.ዐ.) እ.ኤ.አ. በ650 አካባቢ ቁርኣን በአንድ ወጥ ሙስሐፍ እንዲገለበጥ ሲያዙ፣ ለሦስቱ የቁረይሽ ጸሐፊዎች ከዘይድ ኢብኑ ሣቢት ጋር ከተለያያችሁ በቁረይሽ ልሳን ጻፉት ብለዋቸዋል። በቲርሚዚ እንደተዘገበው ዘይድ «ታቡህ»፣ ቁረይሾቹ «ታቡት» በማለት በአንዲት የመጨረሻ ፊደል ተለያዩ፤ ጉዳዩ ዑስማን ዘንድ ቀርቦ «ታቡት» ተብሎ ተጻፈ።

በአገራችን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ኢስላማዊ ጽሑፍ በዝቷል፤ የጋራ የአጻጻፍ መመሪያ ግን አልያዝንም። በ1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ብዙ ይረዳል፤ የሰው ስም ግን ከመዝገበ ቃላት አይፈለግም።

እኛም አንድ ገጽ ጽፈን ከጠረጴዛችን በላይ ለጥፈናል። የዐረብኛው ዐይን በ«ዐ»፣ ሓእ በ«ሐ»፣ ኻእ በ«ኸ» ይጻፋል። የቦታ ስም ላይ ስንደርስ፣ ፍል ውሃው ያለበት የደቡብ ጎንደሩ ቦታ «ወንዛዬ» ነው ወይስ «ወንዛየ» በሚል ግማሽ ቀን ተከራከርን (ሻዩም ቀዘቀዘ)። በመጨረሻ «ወንዛዬ» ብለን ቆረጥን፤ ሌላው ስሕተት ሆኖ ሳይሆን አንዱን መያዝ ስላለብን ነው።

ውድ ወንድማችን፣ ለዐረብኛው የሚቀርበው «ሙሐመድ» ነው። በሰነድ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚፈለገው መመሳሰሉ ነው። ታናናሾችህ ለትምህርት ሲመዘገቡ የአባታችሁን ስም በወረቀት ጽፈህ አስይዛቸው፤ መዝጋቢው በጆሮው ብቻ ሰምቶ እንዳይጽፍ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።