ከፍላሹ በፊት፦ ከሺሺንዳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ አንባቢ፣

እኛ ሺሺንዳ የሥልጠና ስላይድ የሚደርሰን ከኢሜይል ይልቅ በፍላሽ ነው። አሠልጣኙ ከቦንጋ ይዞት ይመጣል፣ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ይከፍተዋል፤ ስብሰባው ሲያበቃ ደግሞ ተሳታፊው «ለእኔም ገልብጥልኝ» እያለ የራሱን ፍላሽ ያቀብላል። ስለዚህ ልማድ ላስጠነቅቅዎት እወዳለሁ።

የፓወርፖይንት ፋይል ጽሑፍና ሥዕል ብቻ የያዘ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን «ሳንድዎርም» የተባሉ ሰርጎ ገቦች ዩክሬን ውስጥ ጥቃት ያደረሱት በስላይድ ፋይል ነበር። ፋይሉ ሲከፈት በውስጡ የተቀበረው ትእዛዝ ከሩቅ ሰርቨር ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ ያስጭን ነበር። ማይክሮሶፍት ይህ እንዲሆን ያስቻለውን የሶፍትዌር ክፍተት ለመድፈን ኦክቶበር 14 ቀን ማስተካከያ አወጣ፤ በሳምንቱ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ እንዳልተደፈነ አምኖ ቀሪውን በኖቬምበር ደፈነ። ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ለኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች በስካይፕ የተላከላቸው ፋይል የስለላ ፕሮግራም እንደያዘ የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2014 አጋልጧል።

ማይክሮሶፍት ማስተካከያዎቹን በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ያወጣል። ይሁን እንጂ ማስተካከያው ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ፓወርፖይንትን የያዘው ኦፊስ 2010 ከኦክቶበር 2020 ወዲህ፣ ኦፊስ 2016 እና 2019 ደግሞ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ድጋፍ ተቋርጦባቸዋል። ክራክ ተደርጎ የተጫነው ኦፊስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አፕዴቱ ተዘግቶበት ነው የሚሰጠን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ሲከፈት ፓወርፖይንት ከላይ ቢጫ መስመር አሳይቶ ፋይሉን ለንባብ ብቻ ይከፍታል። ይህን የሚያደርገው ዊንዶውስ በፋይሉ ላይ ባሳረፈው ምልክት ነው። ብዙ ፍላሾች የሚፎርማቱበት ፋት 32 ግን ምልክቱን አይዝም። ስለዚህ ከኢንተርኔት የወረደ አደገኛ ስላይድ በፍላሽ ተገልብጦ ሲመጣ ቢጫው መስመር አይታይም፤ ፋይሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ይከፈታል። መከላከያው የታሰበው ፋይል በኢንተርኔት ለሚደርሰው ሰው ነው፤ እኛ ጋ ፋይል በኪስ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ የመጣልዎትን ፋይል ፍላሹ ላይ ሁለቴ ተጭነው አይክፈቱ። አስቀድመው ፓወርፖይንትን ይክፈቱ፣ ፋይሉን ከዚያ ሆነው ይምረጡ፣ ከ«ኦፕን» ጎን ያለችውን ቀስት ተጭነው «ኦፕን ኢን ፕሮቴክትድ ቪው» የሚለውን ይንኩ። አሠልጣኝ ከሆኑም ጽሑፉን አሳትመው ያድሉ፤ ፍላሽዎ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር አይዙር።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆኑ ደግሞ አደራ እልዎታለሁ። ለፕሮጀክተር በጀት ሲይዙ ለሕጋዊ ሶፍትዌርና ለአፕዴት የሚበቃ ኢንተርኔትም ይያዙ። መግዛት ካልተቻለ ሊብሬኦፊስ በነፃ ይገኛል፤ እሱም ክፍተት አያጣውም፣ ነገር ግን አዲሱን እትም ማንም ያለ ክፍያ መጫን ይችላል። የገበሬው የመሬት ይዞታ፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የተማሪው ውጤት ያለው በእነዚሁ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነውና ጥበቃው ነገ ዛሬ ሳይባል ይጀመር።

ከአክብሮት ጋር
ሺሺንዳ፣ ካፋ ዞን