መሣሪያው ለመምህሩ ወይስ መምህሩ ለመሣሪያው?

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው የረጅም ዘመን ትግል ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ፈጥሯል። ከድንጋይ መጥረቢያ እስከ ማተሚያ መኪና፣ ከማተሚያ መኪና እስከ ኮምፒዩተር የተዘረጋው ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ አንድ መሣሪያ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም የሚወሰነው በረቂቅነቱ ብቻ ሳይሆን በማን እጅ እንደገባና ለምን ዓላማ እንደዋለም ጭምር ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለው ቴክኖሎጂ፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ በደረሰበት ወቅት ይኸው ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል። ጥያቄውን ከስብሰባ አዳራሽ አውጥቶ በመሬት ላይ ካለው ተጨባጭ ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ተገቢ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ ከአንድ ሥፍራ ይነሣል፤ ከቆሰበር።

ቆሰበር፣ በሌላ ስሟ እንጅባራ፣ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ትገኛለች። ቀርከሃና ድንች የሚበቅልባት፣ ፈረስ የሚከበርባት አገር ናት። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲም አላት። ከዙሪያዋ ገጠር ወደ ትምህርት ቤት ከሚመጡት ሕጻናት ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት አውንጂ ነው። በገበያ አማርኛ ይሰማሉ፤ በመጽሐፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። በመሆኑም የዚህ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ቋንቋዎችን የሚያስታርቅ ሰው ነው። አዲሱ መሣሪያ ይህን ሸክም ያቃልልለታል ወይስ ሌላ ሸክም ይጨምርበታል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

የጉዳዩ ክብደት

እንደሚታወቀው የአገራችን የትምህርት ጥራት በአሳሳቢ ደረጃ ላይ ይገኛል። የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ የ10 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕጻናት ከ10ሩ 9ኙ ያህል ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። በታችኛው እርከን የተዘራው ድክመት በላይኛው እርከን እንዴት እንደሚታጨድ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በግልጽ አሳይቷል። ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ ከ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እጅግ ብዙ ሕጻናትም ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል።

ይህን በመሰለ ችግር መካከል አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሁለት የተሳሳቱ አዝማሚያዎች መታየታቸው አይቀርም። አንደኛው መሣሪያውን ከችግር ሁሉ አውጪ አድርጎ የመቁጠር አዝማሚያ ነው። የዚህ አመለካከት ባለቤቶች ታብሌት ከታደለና መረብ ከተዘረጋ ትምህርት በራሱ ጊዜ የሚስተካከል ይመስላቸዋል። ሁለተኛው መሣሪያውን ከደጅ የመመለስ አዝማሚያ ነው። የዚህ አመለካከት ባለቤቶች ደግሞ ማሽን ሕጻናትን ያሰንፋል፣ መምህሩንም ከሥራው ያፈናቅላል ብለው ይሰጋሉ። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ስሕተት ይገናኛሉ፤ ሁለቱም መምህሩን ይረሱታል። አንደኛው መምህሩ አያስፈልግም ብሎ ሲረሳው፣ ሌላኛው መምህሩ መሣሪያውን ሊገራው እንደማይችል ቆጥሮ ይረሳዋል።

ያለፈው ልምድ ምን ያስተምረናል?

አገራችን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹ ማገባደጃ የትምህርት ቴሌቪዥን ተጀምሮ ነበር፤ የትምህርት ሬዲዮም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ለአያሌ ዓመታት አገልግሏል። ከሁሉ ይልቅ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠን ግን በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ የዋለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይተላለፍ ነበር። በአገሪቱ የተከሰተውን የመምህራን እጥረት ማቃለሉ፣ ለገጠሩም ለከተማውም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ማድረሱ የሚደነቅ ዓላማ ነበር። በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ሥርጭቱ ስለሚወስደው፣ መምህሩ ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች በቀር ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ ተመልካች ሆነ። ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ ማያው አይሰማውም፤ ወደኋላ መልሱልን ቢልም አይመለስለትም። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ጠፋ። ስሕተቱ የመጣው ከማያው ብርሃን ሳይሆን መምህሩን ከክፍሉ መሪነት ካወረደው አሠራር ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ልምድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሕጻን አንድ ላፕቶፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ባልደረሰባቸው ሁለት መንደሮች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር ለሕጻናት አድሎ ነበር። የድርጅቱ መሥራች በይፋ እንደተናገሩት ሕጻናቱ ማብሪያውን ፈልገው ለማግኘት ደቂቃዎች ብቻ ፈጅቶባቸዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር አዚመዋል፤ በአምስት ወር ውስጥም የተቆለፈውን ካሜራ ከፍተዋል። ይህ የገጠሩ ሕጻን አእምሮ ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ለሚጠራጠር ሁሉ በቂ መልስ ነው። ሆኖም ፊደል ማዜም ማንበብ አይደለም፤ ቁልፍ መክፈትም ዕውቀት መገብየት አይደለም። የነቃውን አእምሮ ከዜማ ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ማስተዋል የሚያሻግረው መምህር ነው።

ወደኋላ ጥቂት ብንመለስ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጥቁር ሰሌዳንና ጠመኔን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። መሣሪያው ቀላል ቢሆንም ኃይሉ ያስተማረው ሰው ነበር። ነገር ግን ዘመቻው ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል አውንጂ አልነበረም። የአውንጂ ተናጋሪ ሕጻን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የመማር ዕድል ያገኘው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። አንድ ታላቅ ሥራ ከሩቅ ሲታቀድ አንድ ቋንቋ በቀላሉ ሊዘለል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። አዲሱ መሣሪያም ይህንኑ አደጋ ይዞ መጥቷል።

መሣሪያው የሚያውቀውና የማያውቀው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፍ የሚያመነጨው ከተሰበሰበለት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ውስጥ ቃል ቃልን እንዴት እንደሚከተል ተምሮ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እየገመተ ነው። ስለሆነም ብዙ በተጻፈበት ቋንቋና ጉዳይ ይበረታል፤ ጥቂት በተጻፈበት ይደክማል። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ የሚደክምበትን ነገር እንደሚያውቅ ሰው በሙሉ ልብ መናገሩ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ባሕር ቢሆን፣ በአማርኛ የተጻፈው የዘንገናን ሐይቅ ያህላል፤ በአውንጂ የተጻፈው ግን በቅል የሚቀዳ ነው። በአውንጂ ጽሑፍ የሚያስፈልገው እንደ «ጘ» ያለ ፊደል እንኳ በሁሉም የእጅ ስልክ መጻፊያ ላይ አይገኝም።

እዚህ ላይ መሠረታዊው ተቃርኖ ይገለጻል። መሣሪያው ከሁሉ ይልቅ ሊያግዘው የሚገባው ሕጻን፣ መሣሪያው ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ሕጻን ነው። መሣሪያው እንዳለ ወደ ክፍል ቢገባ የሚመጣው በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ አገር ምሳሌ ነው። የቆሰበር ሕጻንም በገዛ ክፍሉ እንግዳ ይሆናል። ይህን ተቃርኖ ሊፈታ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እርሱም ቋንቋውንም ሕጻኑንም የሚያውቀው መምህር ነው።

የዓለም አቀፉ አስተያየትም ወደዚሁ ያመራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ እነዚህን መሣሪያዎች ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ለብቻቸው የሚጠቀሙበት ዕድሜ ከ13 ዓመት እንዳያንስ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ለመምህራን 15 ብቃቶችን በሦስት እርከን ዘርዝሯል፤ እነርሱም መቅሰም፣ ማጥለቅና መፍጠር ናቸው። ከዚህ የምንገነዘበው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሣሪያው በሕጻኑ እጅ ሳይሆን በመምህሩ እጅ መሆን እንዳለበት፣ የመምህሩም መዳረሻ መጠቀም ብቻ ሳይሆን መፍጠር እንደሆነ ነው።

ፈጠራ ሲባል ምን ማለት ነው?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በቆሰበር ዙሪያ 60 ሕጻናት የሚያስተምሩ አንዲት የ3ኛ ክፍል መምህርት አሉ እንበል። በእጃቸው ያለው አንድ የእጅ ስልክ ነው። መምህርቷ በመጀመሪያ ሕጻናቱ ከአያቶቻቸው ዘንድ የፈረስ ዕቃ ስሞችን፣ የኮርቻውን፣ የልጓሙን፣ የእርካቡን፣ በአውንጂ ጠይቀው እንዲመጡ ያዛሉ። ማታ ከተማ ገብተው ማሽኑን ስለ አገው ፈረሰኞች በዓል አጭር ታሪክ በአማርኛ፣ ለደካማው፣ ለመካከለኛውና ለጠንካራው አንባቢ በሚሆን በሦስት ደረጃ እንዲያረቅቅላቸው ያደርጋሉ። ማሽኑ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያቀርባል፤ ለብቻቸው ቢሠሩት ሌሊቱን የሚፈጅባቸው ሥራ ነው። ግን ማሽኑ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን ማኅበር ዘመን ሊያዛንፍ፣ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን በዓል በሌላ ቀን ሊያውለው፣ የደጋውንም ፈረስ በአሸዋ ላይ ሊያስጋልበው ይችላል።

መምህርቷ ጽሑፉን ከነስሕተቱ በሰሌዳ ላይ ይገለብጡታል። «ይህን የጻፈው አገራችንን አይቶ የማያውቅ ነው፤ እስቲ አርሙት» ይሏቸዋል። ያን ጊዜ ክፍሉ ይነቃል። ፈረስ የሚጠብቀው ልጅ፣ እስከ ትናንት ዝም ብሎ የተቀመጠው፣ ማሽኑን ያርማል። ለማረም ማንበብ ግድ ይሆንበታልና ያነብባል። በመጨረሻ ሕጻናቱ የታረመውን ታሪክ ባመጧቸው ቃላት በአውንጂ ይናገራሉ፤ መምህርቷ ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ ተጠርዞ ለሚቀጥለው ዓመት የንባብ መጽሐፍ ይሆናል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር የመጻሕፍት እጥረት ምን ያህል እንዳስቸገረ ለሚያስታውስ ሁሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሒሳብ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ማሽኑ ለክፍልፋይ ማስተማሪያ ኬክ ቢያቀርብ፣ የቆሰበር መምህር በእኩል የተቆረጠ ቀርከሃ ያቀርባል። ፈጠራ የምንለው ይህን ነው፤ ማሽኑ ያረቅቃል፣ ክፍሉ ያርማል፣ መምህሩ ይፈርዳል።

ምን መደረግ አለበት?

ይህ ሁሉ በመልካም ፈቃድ ብቻ አይፈጸምም። መምህሩን ፍጠር እያሉ የመፍጠሪያውን ሁኔታ መንፈግ ሸክምን በትከሻው ላይ አስቀምጦ መሄድ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

አንደኛ፣ ሥልጠናው ከቁልፍ አጠቃቀም ወደ ትምህርት አሰጣጥ መሸጋገር አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በበይነ መረብ ሥልጠና በር ከፍቷል። የምስክር ወረቀት ማግኘት ግን በ60 ሕጻናት ፊት ቆሞ ከማስተማር ጋር አንድ አይደለም። በእንጅባራ የሚገኘውን የመሰለ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህሩን በእውነተኛ ክፍል፣ በእውነተኛ ትምህርት ላይ፣ በአውንጂም ጭምር ሊያለማምደው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ዝግጅቱ መብራትና መረብ በሌሉበትም የሚሠራ መሆን አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱ፣ በመረብ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አሳይቷል። በከተማ ተዘጋጅቶ በገጠር በሰሌዳና በወረቀት የሚሰጥ ትምህርት ከሁሉ የጸና ነው።

ሦስተኛ፣ የአውንጂ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና መዝገበ ቃላት በዩኒቨርሲቲው፣ በኮሌጁና በትምህርት ቤቶቹ ኅብረት ሊሰበሰብና በወጉ ሊጻፍ ይገባል። ቋንቋው ካልተጻፈ ማሽኑ ሊማረው አይችልም። ሲሰበሰብም የሕጻናት ስምና ምስል ለማሽን እንዳይሰጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ መምህሩ ለዝግጅት የሚሆን ጊዜና ከኑሮ ጭንቀት የሚያሳርፍ ገቢ ያስፈልገዋል። ከክፍል ወጥቶ ሌላ የዕለት ገቢ ፍለጋ የሚሮጥ መምህር ማሽኑ ያቀረበለትን ሳያርም ወደ ሰሌዳ ይገለብጣል። ያን ጊዜ ስሕተቱ የሚገባው በሕጻኑ ደብተር ነው።

አምስተኛ፣ በየደረጃው ያለው የትምህርት አስተዳደር የታደለውን መሣሪያ ቁጥር ከመዘገብ ይልቅ ማንበብ የቻለውን ሕጻን ቁጥር መዝግቦ ይጠየቅበት።

መምህሩ ተመልካች በሆነበት ክፍል ሕጻኑም ተመልካች ከመሆን አያልፍም፤ ይህን በፕላዝማው ዘመን በውድ ዋጋ ተምረነዋል። ያንኑ ትምህርት በሌላ መሣሪያ እንደገና ለመግዛት የምንችልበት ጊዜም ሀብትም የለንም፤ ዛሬ 1ኛ ክፍል የገባው ሕጻን 10 ዓመት የሚሞላው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነውና። የቆሰበር ፈረሰኛ ፈረሱን የሚወደው ስለሚገራው ነው፤ ልጓሙን ለፈረሱ ትቶ የሚጋልብ ግን የለም። የአዲሱ መሣሪያ ልጓምም በመምህሩ እጅ ይሁን!