ክላርኔቱ ምን በደለ?

«ልጄ ክላርኔት ጀምሮ ነበር፤ ተሰጥኦው የለውም መሰለኝ፣ ተወው።» እንዲህ የሚል ወላጅ ባጋጠማችሁ ቁጥር አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ልጁ የተማረው ከየትኛው መጽሐፍ ነው?

መልሱ ብዙ ጊዜ «ከተገኘው» ነው። ሽፋኑ የጠፋ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ። ሲብስም የክሎዜ መጽሐፍ። ከክሎዜ ጋር ጠብ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም ትልልቅ ክላርኔተኞች የሚለማመዱበት ነው። ነገር ግን ሰውዬው የፓሪስ ኮንሰርቫቷር መምህር ነበር፤ የጻፈውም ሙዚቃን እንጀራዬ ብሎ ለያዘ ተማሪ እንጂ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ላልጨረሰ ልጅ አይደለም።

«ከከባዱ ይጀምር፣ ይጠነክራል» ባዮች አሉ። ጉድ እኮ ነው! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እየተባልን አድገን፣ ክላርኔት ላይ ስንደርስ እንቁላሉን ሩጥ እንለዋለን።

የክላርኔት ጠባይ ለየት ይላል። ሳክስፎን ላይ የኦክታቩ ቁልፍ ሲነካ ታች «ዶ» የነበረው ላይም «ዶ» ነው። ክላርኔት ላይ ግን በዚያው አያያዝ «ሶል» ሆኖ ቁጭ ይላል። ከ«ላ» ወደ «ሲ» መሻገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በአንድ ጣት ከሚወጣ ድምፅ ተነስቶ የሁለቱንም እጅ ቀዳዳዎች ባንዴ መድፈን ይጠይቃል። አንዲት ትንሽ ጣት ለጥቂት ከሳተች የሚወጣው ጩኸት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ ይኸው ነው፦ መጽሐፉ ልጁን ታች ባሉት ድምፆች ላይ በቂ ጊዜ ያቆየዋል ወይስ በጥቂት ገጽ ያሻግረዋል? የሚያጣድፍ ከሆነ መልሱት።

«አዳዲሶቹ የአሜሪካ መጻሕፍትስ?» ትሉ ይሆናል። እንደ «ኢሴንሻል ኤለመንትስ» ያሉት የተዘጋጁት የትምህርት ቤት ባንድ ሙሉ መሣሪያውን ይዞ አብሮ እንዲጀምር ነው። በዚህም ምክንያት ክላርኔቱ የሚጀምረው በ«ሶል» ነው፤ አንድም ቀዳዳ ሳይደፈን። ልጁ መሣሪያውን በቀኝ አውራ ጣቱና በአፉ ብቻ ተሸክሞ ይንገዳገዳል። ባንድ ላለው ትምህርት ቤት ይሁን፤ ለብቻው ለሚማር ልጅ ግን ጣቶቹን አስይዞ ከ«ሚ»፣ «ሬ»፣ «ዶ» የሚጀምር ይሻላል።

ሁለተኛው መመዘኛ ዜማው ነው። ልጁ ሰምቶት የማያውቀውን የፈረንጅ መዝሙር ሲሳሳት ስህተቱን በምን ይወቀው? እስቲ ይህን ልብ በሉ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሜጀር ትዝታ! አምስቱም በግራ እጅ ጣቶች ብቻ ይወጣሉ፤ መሻገሪያው ጋ መድረስ የለም። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጆሮው የሚያውቀውን ቅኝት መጫወት ይችላል ማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ አስተማሪው በእጁ ጽፎ ይጨምርበት። አንድ ገጽ ይበቃል።

«ጥሩ አስተማሪ ካለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» የሚለውም ሰበብ ነው። አስተማሪው በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ በቀሩት ስድስት ቀናት አስተማሪው መጽሐፉ ነው።

ክላርኔቱን ስትገዙ ሻጩን እስኪሰለቸው ተከራክራችሁ፣ መጽሐፉን በዝምታ አትቀበሉ። ልጁ «ተሰጥኦ የለውም» ተብሎ ከመፈረዱ በፊት መጽሐፉ ይፈተን።