ማስታወሻው በማን ሰዓት ይደውል?

አጋዥ ቴክኖሎጂ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ተሽከርካሪ ወንበርን ነው። በአደጋ ወይም በስትሮክ የማስታወስ ችሎታው የተጎዳ ሰው ግን እግሩ ደኅና ሆኖ መድኃኒቱን ይረሳል። በእንግሊዝ አገር ባርባራ ዊልሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የማስታወስና የማቀድ ችግር ያለባቸው 143 ሰዎች በተወሰነላቸው ሰዓት አጭር መልእክት በፔጀር እንዲደርሳቸው ተደርጎ ነበር። ጥናቱን ከፈጸሙት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዕለት ተግባራቸውን ከቀድሞው በእጅጉ በተሻለ ሁኔታ አከናውነዋል። ልብ ይሏል፤ መሣሪያው ከጥሪና ከአጭር ጽሑፍ በቀር ሌላ ጥበብ አልነበረውም።

ዛሬ ይህንን ማንኛውም የእጅ ስልክ ይሠራዋል። ነገር ግን ጧት 2 ሰዓት መድኃኒት የሚወስዱ እናት ስልካቸው «8:00» ብሎ ሲጠራቸው 6 መቀነስ ይጠበቅባቸዋል። ለእኛ ልማድ የሆነው ስሌት ለተጎዳ አእምሮ ሸክም ነው፤ ውጤቱም የተዘለለ ወይም ሁለት ጊዜ የተዋጠ ክኒን ሊሆን ይችላል። የሶፍትዌር ተማሪዎቻችን በአገራችን ሰዓት የሚናገር ማስታወሻ መሥራትን እንደ ተራ ሥራ ሊንቁት አይገባም እንላለን። እስከዚያው ድረስ የልጃቸውን ድምፅ ቀድቶ ደወል ማድረግ ይቻላል፦ «እማዬ፣ 2 ሰዓት ሆኗል፤ መድኃኒትሽን ውሰጂ።»