የጻፍነው ከእኛው ጋር ይቆይ

ብዙ ኢትዮጵያዊ ማስታወሻ የሚይዘው ለማስታወሻ ተብሎ ባልተሠራ ቦታ ነው፦ ቴሌግራም ላይ። ተማሪው የመምህሩን ሞጁል፣ ነጋዴው የደንበኛውን የሒሳብ ቁጥር፣ ጋዜጠኛው የቃለ መጠይቁን ድምፅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘው ደግሞ ሌሊት ብልጭ ያለለትን ሐሳብ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ያስቀምጣል። ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሁሌም እጅ ላይ ነው። ነገር ግን አካውንቱ የታሰረው በስልክ ቁጥር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት ከቆየም ራሱን በራሱ ይሰርዛል። በኮምፒውተር በሚሠራው ቴሌግራም ሁሉንም አውርዶ ማስቀመጥ እንደሚቻል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ማስታወሻ መያዣ ሶፍትዌር ሲመረጥ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፦ የጻፍኩትን ይዤ መውጣት እችላለሁ? መልኩ ማማሩ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጨመሩ፣ ጓደኛ ማወደሱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የኤቨርኖት ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። የዝሆን ምልክት ያለው ይህ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ሲቀርብ የገባው ቃል ሁሉንም ነገር አስታውሳለሁ የሚል ነበር። ሚሊዮኖች አመኑት። ደረሰኝ፣ የምግብ አሠራር፣ የምርምር ጽሑፍ፣ የልጆቻቸውን ሥዕል ሳይቀር አስገቡበት። በ2022 መጨረሻ ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሊገዛው መስማማቱ ተሰማ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ የነበሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ተሰናበቱ፣ ሥራውም ወደ አውሮፓ ተዛወረ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በነጻ የሚጠቀም ሰው ከ50 ማስታወሻና ከአንድ ደብተር በላይ መፍጠር እንደማይችል ተነገረው። ኩባንያው የቆየውን አልሰረዘም፤ ማየትም ማውረድም ይቻላል። ሆኖም ከዐሥር ዓመት በላይ እየጻፈ የኖረ ሰው አዲስ ሐሳብ ለመጨመር ክፍያ ተጠየቀ።

ይህ እንኳን ደህናው ነው። ጎግል ኖትቡክ በ2006 ተጀምሮ በ2012 ተዘጋ። ሰዎች በኋላ የሚያነቡትን ጽሑፍ የሚያከማቹበት ፖኬት በ2007 ተወልዶ በፋየርፎክስ ባለቤት በሞዚላ እጅ ሐምሌ 2025 ላይ አበቃ። ኩባንያዎቹ አታለሉ ማለት አይደለም፤ ኩባንያ ይሸጣል፣ ይከስራል፣ ሐሳቡን ይለውጣል። የሰው ሐሳብ ግን ከእነዚህ ከአንዱም ዕድሜ በላይ መቆየት አለበት።

አማርኛ ጸሐፊ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት፤ ደርሶበታልና። ለእያንዳንዱ ፊደል ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ያለው ሰው ዛሬ በሌላ ኮምፒውተር ይክፈተው። የሚያገኘው የዶላር ምልክት፣ የፐርሰንት ምልክት፣ ነጠብጣብ ያለባቸው የላቲን ፊደላት እና አልፎ አልፎ ባዶ ሳጥን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእነዚያ ፕሮግራሞች ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል የሚቀመጠው ለላቲን ፊደል በተመደበ ቁጥር ላይ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅም፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። በአንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረ ፊደሎቻችንን በሁለትና በሦስት ፎንት የከፋፈሉም ነበሩ። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። የአንዱን ፕሮግራም ጽሑፍ ሌላው አያነበውም። ፍለጋ አይሠራም። ከቆየ ፒዲኤፍ አማርኛ ለመቅዳት ሞክሮ ትርጉም የለሽ ምልክት የተከመረበት ሰው ችግሩን በዓይኑ አይቷል።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ፤ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቋሚ ቁጥሮች አገኘ። ከዚያ በኋላ «ሀ» በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር «ሀ» ነው። ያም ሆኖ በየቢሮውና በየማተሚያ ቤቱ ለብዙ ዓመታት በአሮጌው መንገድ መጻፉ ቀጠለ፤ ያኔ የተከማቸው ዛሬም በመቀየሪያ ፕሮግራም እየታገዘ፣ ስሕተቱ በእጅ እየታረመ ይወጣል። አሁን ደግሞ ያንኑ ጥገኝነት ከፎንት ወደ መተግበሪያ እያዛወርነው ነው።

ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ማስታወሻ መያዣ ኦብሲዲያን እያንዳንዱን ማስታወሻ በራሱ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ፣ በተራ ጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ፎልደሩን ከፍቶ ኖትፓድ በተባለው ቀላሉ ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል። ኦብሲዲያን ነገ ቢዘጋ ፋይሎቹ ባሉበት ይቀመጣሉ። የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚወዱት ኦርግ ሞድም ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

በአገራችን ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቋረጥ፣ ሥራውን ሁሉ በደመና፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚገኝ የኩባንያ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ሰው የገዛ ማስታወሻውን ሳያይ ከረመ። ታዋቂው የማስታወሻ መተግበሪያ ኖሽን እንኳ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ ያቀረበው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ፋይሉ ክፍት መሆኑ ለአማርኛ ሌላም ጥቅም አለው። «ዓለም» ብሎ የጻፈ ሰው «አለም» ብሎ ሲፈልግ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ምንም አላገኘሁም ይላሉ። ለማሽኑ ዐይኑ «ዐ» እና አልፉ «አ» ሁለት የማይገናኙ ቁጥሮች ናቸው፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። ይህን ችግር ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ኩባንያ ያስተካክልልናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ማስታወሻው በተራ ጽሑፍ ከተቀመጠ ግን አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ዋሽንግተን ያለ አንድ ወጣት ፕሮግራመር እነዚህን ፊደላት እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ አነስተኛ መሣሪያ ሊሠራ ይችላል፤ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ተቃውሞ እንደሚኖር ግልጽ ነው። ፋይል በራስ እጅ መያዝ ኃላፊነት አለው። ስልክ ይሰረቃል፣ ዲስክ ይበላሻል፤ ቅጂ ማስቀመጥን ልማድ ያላደረገ ሰው ከደመናው ተጠቃሚ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። በጋራ ለሚሠራ ቡድንም ኖሽንና መሰሎቹ በእጅጉ ይመቻሉ። እውነት ነው፤ ደመናን መጠቀምም ነውር የለበትም፣ ዋናው ቅጂ በራስ እጅ እስካለ ድረስ።

ስለዚህ አንባቢ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ይሞክር። ከሚጠቀምበት መተግበሪያ ማስታወሻዎቹን ያውርድ፣ የወረደውን ያለ መተግበሪያው ይክፈት፣ አማርኛው ይነበብ እንደሆነ፣ ቀኖቹና ምስሎቹ አብረው መጥተው እንደሆነ ይመልከት። ከተነበበ እዚያው ይቆይ፤ በየወሩም አንድ ቅጂ ያስቀምጥ። ካልተነበበ ኩባንያው በሩን ሳይዘጋ መውጣት ይጀምር። አዳዲስ የአማርኛ መተግበሪያዎችን የምትሠሩ ወጣቶችም፣ የማውረጃውን ቁልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ሥሩት።