አፕዴቱን ልንካው ወይስ ልተወው?

ባለፈው ሰሞን እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። ሰላምታው በወጉ ሳያልቅ «ልጄ፣ ይሄ ስልክ አፕዴት አርጊኝ እያለ አስቸገረኝ። ልንካው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። «ተይው እማዬ፣ እንዳትነኪው» ብዬ ዘጋሁት። ሰከንድ እንኳ አላሰብኩም።

ማታ ላይ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ለምን ተይው አልኳት? ምክንያት ስፈልግ ያገኘሁት አንድ የድሮ ቁስል ብቻ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ላፕቶፔ ሳይጠይቀኝ ዊንዶውሱን ማደስ ጀመረ። ባትሪው ስለሞተ የሚሠራው ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ነበር። ሠላሳ ምናምን ፐርሰንት ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ላፕቶፑ አልመጣም። መገናኛ አካባቢ የወሰድኩለት ባለሙያ ፋይሎቼን አወጣልኝ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነልኝ፣ ከዚያ እንደ ሐኪም ጠጋ ብሎ «አፕዴቱን ዘግቼልሃለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትከፍተው» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ፣ ከፍዬ ወጣሁ።

ይህን ምክር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ሁለት ጊጋባይት በዓይኑ ለማያየው ነገር ማውጣት ያመዋል። መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ዝም ብላችሁ እመኑን የሚሉበት አፍ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ማይክሮሶፍት የለቀቀው ትልቅ የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ዶክመንትና ፎቶ ስላጠፋ በቀናት ውስጥ ስርጭቱ እንዲቆም ተደርጓል። አፕል ደግሞ በ2017 መጨረሻ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በአፕዴት አማካኝነት ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበር አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ 79 ዶላር የነበረውን የባትሪ መቀየሪያ ዋጋም ወደ 29 አወረደ። ስለዚህ «አፕዴት ካደረግኩት ወዲህ ስልኬ ቀርፋፋ ሆነ» የሚል ሰው ሁልጊዜ የቅዠት ወሬ አይደለም የሚያወራው።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አፕዴት ሳላደርግ ኖርኩ፤ ኮርቼበትም ነበር። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት የተጠቀምኩበትን ፍላሽ ስሰካ ፎልደሮቼ በሙሉ ወደ ሾርትከትነት ተቀየሩ። የዊንዶውሱን ተከላካይ፣ ዲፌንደር የሚባለውን፣ ከፍቼ ሳየው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው ባለሙያው አፕዴቱን በዘጋበት ቀን ነው። ለካ እሱም አዳዲስ ቫይረሶችን የሚያውቀው በዚያው በአፕዴት በኩል ኖሯል። ዘበኛው በር ላይ ቆሟል፤ የሚያውቃቸው ሌቦች ግን የሁለት ዓመት በፊቶቹን ብቻ ነው። በኋላ እንደገባኝ ባለሙያው አፕዴቱን የዘጋው ለእኔ አዝኖ ብቻ አልነበረም። የጫነልኝ ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ ነው፤ አፕዴት ቢገባ ይነቃበታል። አብዛኛው ክራክ ደግሞ ሲጫን መጀመሪያ «ተከላካዩን አጥፉ» ይላል። ቁልፍ ልሥራላችሁ የሚል ሰው አስቀድማችሁ ውሻችሁን እሰሩልኝ ቢላችሁ ምን ትላላችሁ?

ከሁሉም ሐሳቤን ያስቀየረኝ ግን የዋናክራይ ታሪክ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ሜይ 12 ላይ በዚያችው ቀዳዳ የሚገባው ዋናክራይ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን እየቆለፈ ገንዘብ ይጠይቅ ጀመር። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ እስከመመለስ ደረሱ። መድኃኒቱ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር እኮ!

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። አፕዴት ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበር ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሌባውም ይነገረዋል። አዋቂ የሆነ ሰው አሮጌውንና አዲሱን አስተያይቶ ምን እንደተደፈነ ያገኘዋል። ስለዚህ «እስከ ዛሬ ሳላድስ ኖሬ ምን ሆንኩ?» የሚለው አያስኬድም። ማስተካከያው ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ከነበረው የባሰ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄጄ የእናቴን ስልክ አየሁት። እሷ አንድ ነገር ነው ያለችው ለካ ሁለት ነው። አንደኛው ብሮውዘሩ የሚያመጣው ማስታወቂያ ነው፦ «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፤ አሁኑኑ አፕዴት ያድርጉ» ይላል። መዝሙር ስትፈልግ የሆነ ገጽ ላይ «ፍቀድ» የሚለውን ነክታ፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣባታል። ብትነካው ኖሮ ምንነቱ የማይታወቅ ኤፒኬ ነው የሚያወርድላት። ሁለተኛው ከራሱ ከስልኩ የመጣ እውነተኛ የደህንነት አፕዴት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የደህንነት ማሻሻያውን ቀን ሳየው ዓመት አልፎታል። እኔ ገንዘብ የምልክላትም የባንክ አፕሊኬሽኗም በዚሁ ስልክ ላይ ነው። «ተይው» ያልኳት ለአንዱ ልክ ነበር፣ ለሌላው ግን ስህተት፤ ልክ የሆነውም በአጋጣሚ ነው።

ማስታወቂያውን ከብሮውዘሩ ሴቲንግ ዘጋሁላት። «ከእንግዲህ አፕዴት የሚል ነገር ሲመጣ እሱን አትንኪ፤ ራስሽ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ እዪ። እዚያ ካለ እውነት ነው፣ ከሌለ ውሸት ነው» አልኳት። በቴሌግራም የሚላክ አፕዴትም ያው ነው፤ ላኪው ዘመድ ቢሆን እንኳ። እውነተኛውን ከእኔ ስልክ በዋይፋይ እያወረድን ሶኬቱ ሥር ቁጭ አልን። መብራት እንዳይጠፋ ስትጸልይ ነበር መሰለኝ። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ አገላብጣ አየችውና «ምን ተቀየረ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምኑ ነው ይሄን ያህል የጠበቅነው?»

ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ቡናው ስለፈላ አልሰማችኝም።

አሁን እኔ የደህንነት አፕዴት ከሆነ ሳምንት አላሳልፍም። ትልቁን፣ ማለትም ከአንድሮይድ 14 ወደ 15 ዓይነቱን፣ ግን አልቸኩልም። ሦስት አራት ሳምንት ጠብቄ፣ የእኔ ዓይነት ስልክ የያዙ ሰዎች ምን እንደሚሉ አይቼ፣ ፎቶዎቼን ሌላ ቦታ ገልብጬ ነው የምገባበት። ሌላው ይሞክርልኝ ማለት ራስ ወዳድነት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ ነው።

ያልተፈታልኝ የላፕቶፑ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ለግል ተጠቃሚዎች ቢያመቻችም፣ ያው ዓመት ይሄዳል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንደኔ ዓይነቱን አሮጌ ፕሮሰሰር አይቀበልም። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የያዝን ስንት ነን? አፕዴት አድርጉ ሲሉን ከርመው አፕዴቱን ራሳቸው ሲያቆሙት ምን ይባላል? አዲስ ግዙ እንዳይሉን የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ እናውቃለን። አንድ ጓደኛዬ ሊኑክስ ጫን እያለ ይወተውተኛል፤ ምናልባት ለክረምት እሞክረው ይሆናል። እስከዚያው ጽሑፍ እጽፍባታለሁ፣ ፊልም አይባታለሁ፤ የባንክ ነገር ግን አልከፍትባትም።